የዕፅዋት ዘይት ፈንገስን እውነት ያድናል? ቲ ትሪ፣ ጦስኝ፣ ጥቁር አዝሙድ…

ሰብሊ_ጎፋ
ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እኛ ቤት ፈንገስ ገብቷል። ያውም ሦስት ሰው ላይ። የእማዬ የሁለቱም እግሯ አውራ ጣት ጥፍር ቢጫ ሆኖ ወፍሯል፤ ሲቆረጥ ይፈረፈራል። ወንድሜ ግንባታ ላይ ስለሚሠራ ቀኑን ሙሉ ሴፍቲ ጫማ ውስጥ ነው የሚውለው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ጣቶቹ መሃል ቆዳው ነጭ ሆኖ ይላጣል፤ ማታ ማታ እስኪደማ ያካል። የእህቴ ልጅ ደግሞ 6 ዓመቱ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ረግፏል፣ ላዩ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነገር አለ።

እማዬ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። «ሌላ ኪኒን አልጨምርም» ብላ ዘግታለች። ቲክቶክ ስከፍት ሁሉም ስለ ቲ ትሪ ዘይት ነው የሚያወራው። አንዷ የጦስኝ ዘይት ነው ምርጡ ትላለች፣ ሌላው ጥቁር አዝሙድ ይላል። ለሦስቱም አንድ ብልቃጥ ገዝቼ ብገላገል ደስ ይለኛል። የሞከረ ወይም የሚያውቅ ካለ በናታችሁ።

ተፈጥሮ_ይበልጣል
እህቴ አትጨነቂ። የጦስኝ ዘይት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ። ደባልቀሽ ማታ ትቀቢና በፌስታል አስረሽ ታሳድሪዋለሽ። ፈንገስ ምን አባቱ! አያቶቻችን ይሄን ሁሉ ክሬም ሳያውቁ ነው 90 ዓመት የኖሩት። መድኃኒት ቤቶች ይሄን እንድታውቂ አይፈልጉም።

ጎረምሳው
90 ዓመት የኖሩትን አያትህን የእግር ጥፍር አይተህ ታውቃለህ? ሃሃ

ፋርማሲ_ማዶ
ሰብሊ፣ አንድ ብልቃጥ ለሦስቱም የሚለውን ሐሳብ እርሺው። ሦስቱም ፈንገስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን የተቀመጡበት ቦታ አይገናኝም። የወንድምሽ ቆዳው ላይ ነው። የእናትሽ ጥፍሩ ሥር ነው። የልጁ ፀጉሩ ውስጥ ገብቷል። የሚቀባ ዘይት የሚደርሰው የወንድምሽ ጋ ብቻ ነው። የሌሎቹን ሁለት ላያቸውን አርሶ ይቀራል።

ቲ ትሪ ባዶ ወሬ ነው እንዳልል ግን አይደለም። ዛፉ የአውስትራሊያ ነው፤ ኒው ሳውዝ ዌልስ አካባቢ ይበቅላል። ጀርም እንደሚገድል በ1920ዎቹ አርተር ፔንፎልድ የሚባል ኬሚስት እዚያው አገር አሳይቷል። ዋናው ሥራ የሚሠራው ንጥረ ነገር ተርፒነን-4-ኦል ይባላል። በሰው ላይም በደንብ ተሞክሯል፤ ይሄ ከብዙዎቹ የዕፅዋት ዘይቶች ይለየዋል።

በ2002 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት የእግር ፈንገስ ያለባቸውን 158 ሰዎች ወስዶ በሦስት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን 25 በመቶ ቲ ትሪ ያለበት ፈሳሽ፣ ሁለተኛው 50 በመቶ፣ ሦስተኛው ዘይቱ የሌለበትን ባዶ ፈሳሽ ተቀባ። ጠዋትና ማታ፣ ለ4 ሳምንት። መጨረሻ ላይ በላብራቶሪ ሲታይ ፈንገሱ የጠፋላቸው 50 በመቶውን ከተቀቡት 64 በመቶ፣ 25 በመቶውን ከተቀቡት 55 በመቶ፣ ባዶውን ከተቀቡት 31 በመቶ ናቸው። ጥሩ ውጤት ነው። ዘይቱን ከተቀቡት ውስጥ ግን አራት ሰዎች ቆዳቸው ክፉኛ ተቆጥቶ ነበር፤ ሲያቆሙ ተሻላቸው።

አሁን ሌላኛውን ስሚ። በ1992 የወጣ ጥናት 10 በመቶ የቲ ትሪ ክሬምን ቶልናፍቴት ከሚባል የፈንገስ መድኃኒት ጋር አወዳደረ። ማሳከኩንና መላጡን ቲ ትሪውም ቀንሷል። ፈንገሱ ራሱ ሲመረመር ግን በቶልናፍቴት የጠፋላቸው 85 በመቶ፣ በቲ ትሪ 30 በመቶ፣ በባዶው ክሬም 21 በመቶ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ አንድ ሰው «ተቀብቼ ለቀቀኝ» ሲልሽ እውነቱን ነው፤ ማሳከኩ ለቆታል። ፈንገሱ ግን ካልሲው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል።

የጥፍሩ ላይ ሻጮች የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ፤ 1994፣ 117 ሰዎች። 100 በመቶ ቲ ትሪ ዘይት ክሎትሪማዞል ከሚባል የሚቀባ የፈንገስ መድኃኒት ጋር ለ6 ወር ተወዳደረ። «ከመድኃኒቱ እኩል ሆነ» ብለው ይለጥፉታል። እኩል መሆኑ ልክ ነው። በምርመራ ፈንገሱ የጠፋላቸው በቲ ትሪ 18 በመቶ፣ በክሎትሪማዞል 11 በመቶ ናቸው። ሁለቱም አልሠሩም ማለት ነው። ክሎትሪማዞል ለጥፍር ዱሮም አይሆንም።

ሰብሊ_ጎፋ
እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ በቁጥር የነገረኝ ሰው የለም። ታዲያ የጦስኙስ? ሰፈር ውስጥ አንዲት ልጅ በትንሽ ብልቃጥ ትሸጣለች፤ «ንጹህ የጦስኝ ዘይት» ይላል።

እንፋሎት
እኔ ዘይት ማውጣት ላይ ስለሠራሁ እዚህ ላይ ልግባ።

ጦስኝን አትናቁት። እኛ አገር ብቻ የሚበቅሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ቲመስ ሺምፔሪና ቲመስ ሰሩላተስ። ደጋ ላይ፣ ባሌ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ሰሜን ተራሮች አካባቢ። ዘይታቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት ይገኛሉ። ሁለቱም ፈንገስ ላይ ጨካኝ ናቸው። የፈንገሱን የሕዋስ ሽፋን ያላሉትና ውስጡ ያለው እንዲፈስ ያደርጉታል። የላብራቶሪ ሳህን ላይ ያደገ ፈንገስ አጠገብ ጠብ ብታደርጊው ዙሪያው ጸድቶ ታያለሽ። ተማሪ ሁሉ የመመረቂያ ሥራውን የሚሠራበት ነገር ነው።

ችግሩ ከሳህኑ ወደ እግር ሲመጣ ነው። ሳህኑ ላይ ዘይቱ ፈንገሱን ቀጥታ ያገኘዋል። እግር ላይ ከተቀባው ብዙው በአየር ይበናል፤ የቀረው ከቆዳው ቅባት ጋር ይደባለቃል። ቲሞል ደግሞ ፈንገሱን እንደሚያቃጥለው ሁሉ ቆዳሽንም ያቃጥላል። ለሽቶና ለማሳጅ የሚባለው መጠን 1 ወይም 2 በመቶ ነው፤ 30 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት ውስጥ 6 ጠብታ ገደማ ብትጨምሪ 1 በመቶ ይሆናል። ፋርማሲ ማዶ የጠቀሰው ጥናት ላይ የሠራው መጠን 25 እና 50 በመቶ ነው። በመሃል ያለውን ክፍተት አየሽው? ቆዳ የማይቆጣበት መጠን ፈንገሱን ላይገድል ይችላል፤ ፈንገሱን የሚገድለው መጠን ደግሞ ቆዳን ያስቆጣል። ቤት ውስጥ «ጥቂት ጠብታ» እያሉ የሚቀምሙ ሰዎች ሁሉ እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ያሉት።

ሌላው ብልቃጡ ነው። እውነተኛው የጦስኝ ዘይት የሚወጣው አረቄ በሚወጣበት መንገድ ነው፤ ቅጠሉ በእንፋሎት ይመታል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ጥቂት ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው የሚገኘው። ስለዚህ ርካሽ ሊሆን አይችልም። ሰፈር ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ቅጠሉ የምግብ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ የከረመ ነው። ይሄ ነውር አይደለም፣ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ይሸታል። ግን የፈንገስ መድኃኒት አይደለም።

መለየት ትችያለሽ። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አድርጊና ነገ እዪው። በእንፋሎት የወጣ ዘይት በኖ ይሄዳል፣ ቢተው በጣም ቀላል ምልክት ነው። የምግብ ዘይት ያለበት ከሆነ ግን ወረቀቱ ላይ የቅባት ክብ ታትሞ ይቀራል፤ ወደ ብርሃን ስታነሺው ያሳልፋል። ይሄ ሙከራ ንጥረ ነገሩ ስንት እንደሆነ አይነግርሽም፤ ውሸቱን ግን ይነግርሻል።

ጥቁር አዝሙድ ለብቻው ነገር ነው። ተጨምቆ የሚወጣ ወፍራም ዘይት ነው፤ አብዛኛው እንደ ሱፍ ዘይት ዓይነት ቅባት ነው። ታይሞኪኖን የሚባለው ጠንካራ ንጥረ ነገር በትንሹ ነው ያለበት፣ ያውም ከብልቃጥ ብልቃጥ ይለያያል።

ተፈጥሮ_ይበልጣል
እንግዲህ ሳይንቲስቱም ጦስኝ ፈንገስ ይገድላል ብሏል። ምን ቀረ?

እንፋሎት
ሳህን ላይ ብያለሁ ወንድሜ። ሳህን ላይማ በረኪናም ይገድላል።

ጦስኝ ሰው ላይ በደንብ ቢሞከር ደስ ከሚላቸው አንዱ እኔ ነኝ። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ ዓመታት ሠርቷል፤ ተክሉም ዕውቀቱም አለን። ግን ያልተሞከረውን እንደተሞከረ አድርጎ መሸጥ ሌላ ነው።

እናት_ዓለም
ልጆቼ እንደምን አላችሁ። እኔ ስልክ የሚከፍትልኝ የልጅ ልጄ ነው። ሁሉንም ነገር መርዝ አታድርጉት። ኮሰረትና ቅቤ ተቀብተን ነው ያደግን፣ ፀጉራችን ወገባችን ላይ ነበር። ጤና አዳምም ስንቱን ያድናል። ለፎረፎር ጥሩ ለጋ ቅቤ ነው፣ አሁንም እላለሁ።

ፀጉር_ቤት_ሲልቨር_ስፕሪንግ
እናቴ፣ እርስዎ ላይ አፌን መክፈት አይሆንልኝም፤ ግን ስለ ቅቤው ልናገር። እዚህ ዲሲ አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ሴት ይሞላል። ለደረቀ ፀጉር ቅቤን የሚያህል የለም፣ እኔም ለደንበኛ እቀባለሁ። ፎረፎር ላይ ግን አልቀባም። እንደዚህ ዓይነት ጭንቅላት ስከፍት አውቀዋለሁ፤ ቢጫ ቢጫ፣ ወፈር ያለ ቅርፊት፣ ከግንባሩ ዳር መቅላት። ቅቤ ሲቀባ አንድ ቀን ይተኛል፣ ቅርፊቱ ስለሚርስ አይታይም። በሳምንቱ ብሶ ይመጣል።

ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ፋርማሲ_ማዶ
ማላሲዚያ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ሁላችንም ቆዳ ላይ አለ። የሚኖረው በቅባት ነው፤ ራሱ ቅባት መሥራት ስለማይችል የኛን ይበላል። ላብራቶሪ ውስጥ ሊያሳድጉት ሲፈልጉ ምግቡ ላይ የወይራ ዘይት ወይም ስቡ ያልወጣ የላም ወተት ይጨምሩለታል። እናት ዓለም ይቅር ይበሉኝና፣ ፎረፎር ያለበት ጭንቅላት ላይ ቅቤ ማለት ቀለብ መስፈር ነው።

ለፎረፎር ግን ከዕፅዋት ዘይቶች ሁሉ ቲ ትሪ የተሻለ ማስረጃ አለው። 5 በመቶ ቲ ትሪ ያለበት ሻምፖ፣ 126 ሰዎች፣ 4 ሳምንት። በቲ ትሪው 41 በመቶ መሻሻል፣ በባዶው 11። በየቀኑ እየታጠቡ፣ አረፋውን 3 ደቂቃ እያቆዩ ነው።

ፀጉር_ቤት_ሲልቨር_ስፕሪንግ
በየቀኑ! ሹሩባ የተሠራች ሴት በየቀኑ ታጠቢ ብላት በዚያው ነው የምትቀረው። የኛ ፀጉር በየቀኑ ከታጠበ ይሰበራል። ስለዚህ ለኔ ደንበኞች ያ ጥናት አይሆንም። ኬቶኮናዞል የሚባለው የፈንገስ ሻምፖ በሳምንት ሁለቴ ነው፤ እሱንም ከሹሩባ በፊት አሠራለሁ። ጭንቅላቱን ብቻ፣ ጫፉን አይነካም። ጫፉ ላይ ቅቤ ከፈለገች ትቀባ። እናቴም ደስ ይላቸዋል።

እናት_ዓለም
ጫፉ ላይ ከሆነ እስማማለሁ።

ሜሪ_ሀዋሳ
ጤና አዳም ስለተነሳ ግን ዝም አልልም። ባለቤቴ ደረቱና ትከሻው ላይ ቋቁቻ ነበረበት። ሰው ጤና አዳም ጨምቀህ በሎሚ ቀባ አለው። ጠዋት ተቀባ፣ ሸሚዙን አውልቆ ግቢ ውስጥ መኪና ሲያጥብ ዋለ። በማግስቱ የቀባው ቦታ ሁሉ በእሳት የተቃጠለ ይመስል ውሃ ቋጠረ። ጣቱ የሄደበት መስመር ሁሉ ይታያል፣ አምስቱም ጣት። ቁስሉ ሲድን ጥቁር ምልክት ጥሎ ለወራት ቆየ። ቋቁቻው የት ሄደ? እዚያው ነው።

ዶክተር_ፈ
ሜሪ የጻፈችው በጣም የታወቀ ነገር ነው። ጤና አዳምም ሎሚም ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ፉራኖኩማሪን ይባላል። ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ከነካቸው ቃጠሎ ነው። ቤርጋሞት የሚባለው ዘይትም እንደዚያው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ፀሐይም አያስፈልገው፤ ወቅጦ አስሮ ማሳደር ብቻውን ያቃጥላል። ተፈጥሮ ይበልጣል የጻፍከውን «በፌስታል አስረሽ አሳድሪ» የሚለውን ሰው እንዳይከተለው እለምናለሁ። ሰብሊ በተለይ እናትሽ ላይ በፍጹም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል ሲቃጠል አይሰማውም። ጠዋት ፌስታሉ ሲፈታ ነው የሚታየው።

ስለ ቋቁቻ አንድ ነገር ልጨምር። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ነጩ ምልክት ለወራት ይቆያል፤ ቆዳው ቀለሙን እስኪመልስ ነው። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ከዘይት ወደ ዘይት የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው። ስትፍቂው ዱቄት የመሰለ ቅርፊት ካልተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገሱ ሄዷል።

አሁን ወደ ልጁ። እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የገለጽሽው ቆረቆር ይመስላል። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ የፀጉሩን ዘንግ ሰርስሮ ውስጡ ገብቶ ነው የሚያድገው። ምንም ዓይነት ቅባት እዚያ አይደርስም። ዘይት ይቅርና የመድኃኒት ቤቱም ክሬም አይደርስም። የሚውጠው መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው፤ ግሪሲዮፉልቪን ከሆነ 6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር፣ በኪሎው ተሰልቶ። ወተት ቢጠጣበት ጥሩ ነው። የፈንገስ ሻምፖ የሚጨመረው ለሌሎች ልጆች እንዳያስተላልፍ ነው። ማበጠሪያ፣ ኮፍያ፣ ትራስ ለብቻው። ፀጉር የሚቆርጥለት ሰው ቶንዶሱን ያጽዳ። አብረውት የሚተኙ ልጆች ካሉ እነሱም ይታዩ።

እብጠት አውጥቶ መግል ከያዘ ግን ነገ አትበዪ፣ ዛሬ ውሰጂው። ከቆየ ጠባሳ ይሆንና ፀጉሩ እዚያ ቦታ ላይ ተመልሶ አይበቅልም። እንደ ተራ እባጭ አይበጣም። አዲስ አበባ ስላለሽ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ።

ብልቃጦቹን ደግሞ ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጡ። የባህር ዛፍ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ የሚያህል የዋጠ ትንሽ ልጅ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። ቲ ትሪም ሲዋጥ ያደነዝዛል፣ ያንገዳግዳል። ሽታቸው ከረሜላ ስለሚመስል ልጅ ያታልላሉ።

ተፈጥሮ_ይበልጣል
ሁሉንም አስፈራራችሁበት። ኬሚካል ብቻ ነው መፍትሔው አይደል?

እንፋሎት
ቲሞልም ኬሚካል ነው። ግሪሲዮፉልቪን ደግሞ ከሻጋታ ነው የተገኘው፣ በ1939 ከፔኒሲሊየም ሻጋታ። ለአፍ ፈንገስ የሚሰጠው ኒስታቲን አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ ነው፤ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች፣ ኤልዛቤት ሄዝንና ራሄል ብራውን፣ 1950። ስሙ ከኒውዮርክ ስቴት ነው የወጣለት። ተፈጥሮ ከሆነ የምትፈልገው እነሱም ተፈጥሮ ናቸው። ልዩነቱ መጠናቸውና የሚደርሱበት ቦታ መታወቁ ነው።

ሪያድ_ነኝ
ሰላም ነው። እኔ ሳዑዲ ነኝ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ወገቤ ላይ ቀሚስ የሚታሰርበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀይ ወጣብኝ፣ ዳሩ ከፍ ያለ፣ መሃሉ የዳነ ይመስላል። አንዷ ጓደኛዬ ክሬም ሰጠችኝ፤ ስቀባ በሁለት ቀን ጸጥ ይላል፣ ሳቆም ሰፍቶ ይመጣል። አሁን ጭኔ ድረስ ወርዷል። ቲ ትሪ ልግዛ?

ዶክተር_ፈ
እህቴ፣ አይ። መጀመሪያ የክሬሙን ትዩብ ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ወይም ሞሜታሶን የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩንና መቅላቱን ያጠፋል፣ ፈንገሱን ግን ያደልበዋል። አንድ ትዩብ ውስጥ ስቴሮይድ፣ የፈንገስና የባክቴሪያ መድኃኒት የተደባለቀበት ዓይነት በብዛት ይሸጣል፤ በየሰዉ ቦርሳ አለ። የጻፍሽው በትክክል የሱን ሥራ ነው። አቁሚው። ሲቆም ለጥቂት ቀናት ብሶ እንደሚቀላ እወቂ፤ አትደንግጪ።

ሁለተኛ፣ ከደቡብ እስያ የተስፋፋ ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒዬ የሚባል ዓይነት ጭርት አለ፤ ይሄን ስም ያገኘው በ2020 ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥም ታይቷል፣ በ2023 አሜሪካም መገኘቱ ተዘግቧል። ወገብ፣ ጭን፣ ብሽሽት ላይ ሰፊ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ተርቢናፊን የሚባለው የታወቀ የፈንገስ መድኃኒት አይበግረውም። እንዲህ ዓይነቱ ከሆነ በራስሽ የምትገዢው ነገር ጊዜ ማጥፋት ነው። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ቆዳሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቂ። ቀላልና ርካሽ ምርመራ ነው። ክሬም ተቀብተሽ አትሂጂ፣ ምርመራውን ያሳስታል።

ፎጣሽና የውስጥ ልብስሽ ለብቻው ይታጠብ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለበት ደግሞ እሱም ካልታከመ ይመላለሳል፤ ለአሠሪዎችሽ እንዲህ ብሎ መናገር ከባድ እንደሆነ ይገባኛል።

ሪያድ_ነኝ
ትዩቡን አየሁት። ቤታሜታሶን ይላል። ማዳም ረቡዕ ክሊኒክ ልትወስደኝ ነው፣ ይሄንኑ አሳያታለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ሰብሊ_ጎፋ
ልጁን ነገ ጠዋት እንወስደዋለን፣ ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። እማዬ ግን ምን ትሁን? ኪኒኑን እምቢ ካለች ጥፍሩ ዝም ብሎ ይቀመጥ?

ፋርማሲ_ማዶ
በመጀመሪያ ፈንገስ መሆኑ ይረጋገጥ። ከተበላሹ ጥፍሮች ግማሽ ያህሉ ፈንገስ አይደሉም፤ የጫማ ግፊት፣ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ፣ እርጅናም ጥፍር ያወፍራል። ጥፍሯ ተቆርጦ ላብራቶሪ ይታይ። ፈንገስ ያልሆነውን ሰው ለወራት ኪኒን አስውጦ ምን ይገኛል?

ከተረጋገጠ ተርቢናፊን ለእግር ጥፍር በቀን 250 ሚሊ ግራም፣ 12 ሳምንት ነው። ከመጀመሯ በፊት ጉበቷ ይመርመር። የምትወስደውንም ሁሉ ይዛ ትሂድ፤ ተርቢናፊን ሜቶፕሮሎል ከሚባለው የግፊት መድኃኒት ጋር ይነካካል፣ ኢትራኮናዞል የሚባለው ሌላው የፈንገስ ኪኒን ደግሞ ከአንዳንድ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የእናትሽ ፍርሃት እንዲያው አይደለም። ኪኒኑን በፍጹም ካለች እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀቡ አሉ፤ አሞሮልፊን በሳምንት አንዴ፣ ሲክሎፒሮክስ በየቀኑ። ውጤታቸው ከኪኒኑ ያንሳል፣ ግን ጥፍር ውስጥ ዘልቀው እንዲገቡ ተብለው ነው የተሠሩት። የትኛውንም ብትይዝ የእግር ጥፍር እስኪያድግ ዓመት፣ ዓመት ተኩል ይፈጃል። በወሩ «ምንም ለውጥ የለም» ብላ እንዳትተወው።

ስኳር ስላለባት ዝም ብሎ መተው ግን አይመከርም። የወፈረ ጥፍር ከሥሩ ያለውን ቆዳ ያቆስላል፤ በዚያ ቁስል ባክቴሪያ ይገባል። በምላጭ አትቅረፈው፣ ትኩስ ውሃም ውስጥ አትዘፍዝፈው።

ሰብሊ_ጎፋ
ወንድሜ ደግሞ ይሄን ሁሉ አንብቦ «ለኔ ቲ ትሪ ተፈቅዷል» እያለ ነው።

ፋርማሲ_ማዶ
ተፈቅዷል አላልኩም፣ ሊሠራ ይችላል ነው ያልኩት። ተርቢናፊን 1 በመቶ ክሬም በጣቶች መሃል ላለ ፈንገስ ብዙ ጊዜ በ1 ሳምንት ይጨርሳል። ቲ ትሪው በ4 ሳምንት፣ ያውም ለሁለት ሦስተኛው ሰው። አዲስ አበባ ውስጥ እውነተኛ የቲ ትሪ ብልቃጥ ከክሬሙ ይወደዳል። እኔ ብሆን ክሬሙን ነበር የምገዛው።

አይ፣ ዘይቱን ነው የምፈልገው ካለ፣ የተሰነጠቀና የሚደማ ቆዳ ላይ አይቀባ፤ መጀመሪያ ይዳን። ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብቶ ሁለት ቀን ይጠብቅ። ብልቃጡ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ይሁን፣ ከተከፈተ ብዙ የቆየም አይሁን። አየርና ብርሃን ያገኘው ቲ ትሪ ይቀየራል፤ አለርጂ በብዛት የሚያመጣው ያ ያረጀው ነው።

ጎረምሳው
ሴፍቲ ጫማውስ? እሱን ካልነካችሁት ሁሉም ከንቱ ነው። እኔም ሳይት ላይ ነኝ። ሁለት ጫማ ይዞ በየቀኑ ይቀያይር፣ አንዱ ፀሐይ ላይ ይዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ካልሲ ይቀይር። እግሩን ከታጠበ በኋላ በጣቶቹ መሃል ጨርቅ አስገብቶ ያድርቅ፤ ያን የማያደርግ ሰው ምንም ቢቀባ ዋጋ የለውም። ኩባንያው አንድ ጫማ ብቻ ነው የሚሰጠው የሚል ከሆነ፣ እኛ ጋም እንደዚያው ነው። ሁለተኛውን ራሴ ነው የገዛሁት።

ሊሊ_ሰሚት
ውይይቱ የቆየ መሆኑን አይቻለሁ፣ ግን ልጠይቅ። ድመታችን ጆሮዋና ፊቷ ላይ ፀጉሯ ክብ ክብ ሆኖ ረግፏል። ልጄም ክንዱ ላይ ጭርት አወጣ። ለሁለቱም ቲ ትሪ ብቀባስ?

ዶክተር_ፈ
ድመቷ ላይ በፍጹም። ድመት ቲ ትሪን ጉበቷ ሊያስወግደው ስለማይችል ይመርዛታል፤ ደግሞም ፀጉሯን ስትልስ የተቀባውን ትውጠዋለች። ማይክሮስፖረም ካኒስ የሚባለው ጭርት ከድመት ወደ ልጅ ይተላለፋልና ሁለቱም አንድ ነገር ሊሆንባቸው ይችላል። ድመቷን እንስሳት ሐኪም ይያት፣ ልጁን ሐኪም። እስከዚያ አልጋ ላይ አብረው አይተኙ። የልጁ ጭንቅላት ላይም ካለ ፈልጊ፤ ክንዱ ላይ ብቻ ከሆነ የሚቀባው ክሬም ይበቃል።

ሊሊ_ሰሚት
ጭንቅላቱ ንጹህ ነው፣ አሁን በባትሪ አየሁት። ከአልጋው አውርጃት በር ላይ እየጮኸች ነው።